ደመወዝ ሲያጥር መጀመሪያ ከሳህን የሚጠፋው

ደብተረኛው | እሁድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የቤት ወጪ በደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች፣ እኔ ግን አልተውኩትም። ከአራት ወር በፊት የሥራ ሰዓቴ በግማሽ ተቀነሰ። ደመወዙም አብሮት ወረደ። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተሩን አወጣሁና ከቅነሳው በፊት የነበረውን ወር ካለፈው ወር ጋር ጎን ለጎን አስተያየሁት።

አስቤዛው በጣም የወረደ መስሎኝ ነበር። ብዙም አልወረደም። የወረዱት ልብስ፣ ትራንስፖርትና መዝናኛ ናቸው። «ተመስገን፣ ሆዳችን አልተነካም» ብዬ ልዘጋው ስል ዓይኔ ዝርዝሩ ላይ አረፈ። እንቁላል ድሮ በወር አራት ጊዜ ይገዛ ነበር፣ አሁን አንዴ። ወተት በየቀኑ ነበር፣ አሁን በሳምንት ሁለቴ። ሥጋ የሚል መስመር ጭራሽ የለም። በምትኩ ዳቦ ጨምሯል፣ ሩዝ ጨምሯል፣ ዘይትና ስኳርም እንደዚያው።

ከሁሉም የገረመኝ ማንም «ራበኝ» አለማለቱ ነው። ሁላችንም ጠግበን ነው የምንተኛው። ደብተሩ ባይኖር እኔም አላውቅም ነበር። ትንሹ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል።

ይሄ የእኔ ቤት ጉድ ነው ወይስ የታወቀ ነገር? ደግሞስ ልጨነቅ?


ቁጥር ወዳጅ | እሁድ ማታ

የአንተ ቤት ጉድ አይደለም። ስም ሁሉ ወጥቶለታል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ1857 የሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ አገላብጦ አንድ ነገር ጻፈ። ቤቱ ድሃ በሆነ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ይበዛል። ገቢ ሲጠብ ሰው ሌላ ሌላውን እየቆረጠ ምግቡን ይከላከላል ማለት ነው። ልብስህና መዝናኛህ የወረዱት ለዚህ ነው። በ1941 ደግሞ ሜሪል ቤኔት የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ሌላውን ግማሽ ጨመረበት። ገቢ ሲያድግ ሰው ከእህልና ከሥራ ሥር የሚያገኘው ካሎሪ ድርሻው እየቀነሰ ይሄዳል። ወተቱ፣ ሥጋው፣ አትክልቱ ይተካዋል። አንተ በዚሁ መሰላል ቁልቁል እየወረድክ ነው።

ሆድ ቅድሚያ የሚጠይቀው ካሎሪ ነው። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ካሎሪ የሚሰጡት ደግሞ እህል፣ ዘይትና ስኳር ናቸው። ሚስትህ አስቤዛ ስትገዛ ያደረገችው ትክክለኛ ሂሳብ ነው። ልጆቹ ሳይርባቸው ወሩን አደረሰች።

እኔ በጣም የምወዳት ጥናት የሮበርት ጄንሰንና የኖላን ሚለር ናት፣ በ2008 የወጣች። ቻይና ሁናን ግዛት ውስጥ ለድሃ ቤተሰቦች የሩዝ ድጎማ ሰጧቸው። ሩዝ ሲረክስ ሰው ብዙ ሩዝ ይገዛል ብለን እንጠብቃለን አይደል? እነሱ ግን የሚበሉትን ሩዝ ቀነሱ። በተረፈቻቸው ገንዘብ ሌላ ምግብ ገዙ። ድጎማው ሲነሳ ተመልሰው ሩዙን አበዙ። ዋናው ምግብ ሲወደድ ድሃ ቤት የሚቀንሰው እሱን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ነው። የሁናን ሰዎች ደብተር ቢኖራቸው የአንተን ይመስል ነበር።


ቀጥታ ልናገር | ሰኞ ጠዋት

ከይቅርታ ጋር፣ ነገሩን አታካብዱት። ፕሮቲን ማለት ሥጋና እንቁላል ብቻ ነው ያለው ማነው? ምስር አለ፣ ባቄላ አለ፣ ሽንብራ አለ። 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ርካሽ ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ አይበላሽም። ችግሩ የገቢ ሳይሆን የእውቀት ነው። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ጥራጥሬ መብላት ሲገባው ዳቦ በሻይ እየበላ ኑሮን ያማርራል።


የሦስት እናት | ሰኞ ማታ

«ርካሽ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባቄላ ቀቅለህ ታውቃለህ?

እኔ ልንገርህ። ማታ መዘፍዘፍ አለበት። ከረሳሁ አለቀ፣ ነገ ባቄላ የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ፣ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። ያለኝ አንድ ምድጃ ነው። ሳይዘፈዘፍ ከተጣደ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መጋዘን ውስጥ የከረመ ከሆነማ ውሃ እየጨመርኩ፣ በማንኪያ እየተጫንኩ፣ «ገና ነው» እያልኩ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ትንሿ ልጄ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷት አውቃለሁ፣ ሳህኗን በእጇ እንደያዘች። ባቄላው ርካሽ ነው። እሳቱ ነው ውድ። ውሃውም ከሆነ ቦታ መቅዳት አለበት።

ዳቦ ግን ገዝቼ እገባለሁ፣ ቆርሼ እሰጣለሁ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ባቄላ ጥሩ መሆኑን ከአንተ በፊት አውቃለሁ። የጎደለኝ እውቀት ሳይሆን ማታ ላይ ድስት የምጠብቅበት ሦስት ሰዓት ሙሉ ጊዜ ነው።

አንዴ ትልቁ ልጄ ከስቶ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የቱ እንደሆነ አልናገርም። አገላብጠው አዩትና ወረቀት ጻፉልኝ፤ «እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ፍራፍሬ ይመገብ»። ቤቴ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ልጁ ቀን ከማን ጋር እንደሚውል አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ወረቀቷን እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ። አንዳንዴ አውጥቼ ሳያት ሳቄ ይመጣል።


ቀጥታ ልናገር | ሰኞ ማታ

እሺ እህቴ፣ ይቅርታ። የእሳቱ ነገር እውነት ለመናገር አልታየኝም። እኔ ቤት የምታበስለው እናቴ ናት። የተከካ ምስር ግን ቶሎ ይበስላል።


የሦስት እናት | ሰኞ ማታ

ይበስላል። የምንበላውም እሱን ነው። ለእናትህ ሰላምታ አቅርብልኝ፣ ምድጃው ላይም አንዳንዴ ተካት።


ሚዛን ያዥዋ | ማክሰኞ

ሕፃናት በሚመዘኑበት ክፍል ነው የምሠራው። ደብተረኛው «ማንም ራበኝ አላለም» ያልከው ላይ ቆም ብያለሁ።

ሁለት ነገር እንለይ። መቀጨጭ የምንለው ክብደቱ ለቁመቱ ሲያንስ ነው። ይታያል። የግራ ክንዱን መሃል በቴፕ እንለካለን፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ልጅ ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ ነው፣ ከ115 እስከ 125 ያለው መካከለኛ። መቀንጨር ግን ቁመቱ ለዕድሜው ሲያጥር ነው። ይሄኛውን በዓይን አታገኘውም። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ የሚስቅ፣ የሚሮጥ ልጅ ይመጣል። እናቱ «አባቱም አጭር ነው» ትለኛለች። ስለካው ግን ለዕድሜው ከሚጠበቀው መስመር በጣም ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። በ2022 በተሠራው ግምት ዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ 148 ሚሊዮን ልጆች የቀነጨሩ ነበሩ። የቀጨጩት 45 ሚሊዮን። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ሁለተኛዎቹን ነው።

የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት። በቀጭን ገንፎ ከሞላች ለሌላ ቦታ አይኖራትም። ይጠግባል፣ ይተኛል፣ አያለቅስም። ግን አጥንቱ የሚሠራበት ነገር አላገኘም። ፕሮቲኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከወተቱና ከእንቁላሉ ጋር ዚንኩም፣ ብረቱም፣ ቫይታሚን ቢ12ም አብረው ነው የሚሄዱት።

አሁን ገቢ ለምን ሁሉን እንደማይነግረን ላሳያችሁ። ሁለት እናቶች በአንድ ቀን መጡ። ባሎቻቸው አንድ ቦታ ነው የሚሠሩት፣ ደመወዛቸው እኩል ነው። የቤት ኪራዩም ተቀራራቢ። የአንደኛዋ ልጅ መስመሩ ላይ ነው፣ ድንቅ ነው። የሌላዋ ወርዷል። ምን ይለያቸዋል ብዬ ብጠይቅ፣ የአንደኛዋ ቤት አያት አለች። ቀን ልጁን አምስት ጊዜ ቁጭ ብላ፣ እያባበለች፣ እየዘፈነች የምታበላው እሷ ናት። የሁለተኛዋ ልጅ የሚውለው ከሰባት ዓመት እህቱ ጋር ነው። ጠዋት የተሠራው ገንፎ ሳህን ላይ ይቀመጣል። እህቱ ስትጫወት ይረሳል። ማታ እናቱ ስትመለስ ያው ገንፎ እንዳለ ነው፣ ደርቆ።


ደብተረኛው | ማክሰኞ ማታ

እህቴ አስፈራሽኝ እንጂ አመሰግናለሁ።

ስሌት ሠራሁ፣ አስተካክሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን ነው። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፣ ስለዚህ 50 ግራም ገደማ። በቀን 2,000 ካሎሪ ሙሉውን ከስንዴ ዱቄት ባገኝ ፕሮቲኑ 55 ግራም አካባቢ ይመጣል። ከሩዝ ብቻ ከሆነ 40 ገደማ። ከካሳቫ ሥር ብቻ ከሆነ 17 ገደማ። ሦስቱም እኩል ያጠግባሉ!

ታዲያ ዳቦ የሚበላ ሰው ምን ጎደለው? በወረቀት ላይ እኮ አልፏል።


ቁጥር ወዳጅ | ረቡዕ

ስሌትህ ደህና ነው። ድሃ ቤት የትኛው ምግብ ላይ ተደግፎ እንደሚወድቅ ትልቅ ልዩነት አለው። ስንዴ ላይ የሚወድቅና ካሳቫ ላይ የሚወድቅ እኩል አይጎዱም።

ግን ሁለት ነገር ረስተሃል። አንደኛ፣ ፕሮቲን አንድ ነገር አይደለም፤ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ጡቦች ነው የሚሠራው። ሰውነታችን ራሱ መሥራት የማይችላቸው 9 አሚኖ አሲዶች አሉ፣ ከምግብ የግድ መግባት ያለባቸው። ከነሱ አንዱ ቢያጥር የሌላው መትረፍ ብዙም አይጠቅምም። ስንዴና ሩዝ ላይ የሚያጥረው ላይሲን ነው። የአንተ 55 ግራም ሲመነዘር ያንሳል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል፣ የሚያጥረው ሜታዮኒን ነው። ሁለቱን ስታጋባቸው ይሟላሉ። ቀጥታ ልናገር እዚህ ጋ ልክ ነው፣ ምስር በሩዝ ከሩዝ ብቻውን በብዙ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ 2,000 ካሎሪውን በልተሃል ብለህ ነው ያሰላኸው። ካሎሪው ራሱ ከጎደለ ሰውነት ፕሮቲኑን ለማገዶ ያነደዋል። ቤቱ ሲበርደው ወንበሩን ሰብሮ እንደሚያነድ ሰው። ቀን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ውሎ ግማሽ ሆድ የሚበላ ሰው እንቁላል ብትሰጠው እንቁላሉም ይነዳል።

ለሕፃን ደግሞ ይሄ ሂሳብ አይሠራም። እሱ እያደገ ስለሆነ ለአንድ ኪሎ የሚያስፈልገው ካንተ ይበልጣል።


ታሪክ ቀመስ | ረቡዕ ማታ

እዚህ ጋ ልግባ። ይሄ ክርክር እኮ የተበላ ነው። ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም በ1930ዎቹ ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና ትሠራ ነበር። እግራቸው የሚያብጥ፣ ፀጉራቸው የሚሳሳ፣ ቆዳቸው የሚላጥ ልጆች አየች። እናቶቹን በሽታው ምን ይባላል ብላ ጠየቀች። «ጋ» በሚባለው የአካባቢው ቋንቋ «ክዋሺዮርኮር» አሏት። በ1935 በላንሴት መጽሔት ላይ ስሙን እንዳለ አወጣችው። ትርጉሙ፣ ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሳው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው።

እስቲ ስሙን ልብ በሉት። እናቶቹ በምግብ አልሰየሙትም። ቤት ውስጥ በሆነው ነገር ነው የሰየሙት። አዲስ ልጅ መጣ፣ ታላቁ ጡት ተነጠቀ፣ ወደ ገንፎ ወረደ።

ከዚያ ሳይንቲስቶች ነገሩን ፕሮቲን ብቻ አደረጉት። በ1950ዎቹና 60ዎቹ «የዓለም የፕሮቲን እጥረት» ተባለ። የተባበሩት መንግሥታትም በ1968 ሊመጣ ስላለ የፕሮቲን ቀውስ ሰነድ አወጣ። ብዙ ገንዘብ የፕሮቲን ዱቄትና ማሟያ ላይ ፈሰሰ። በ1974 ዶናልድ ማክላረን የተባለ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ያው ላንሴት ላይ ወጥቶ «ታላቁ የፕሮቲን ክስረት» አለው። ልጆቹ የጎደላቸው ምግብ ራሱ ነው፣ ድህነቱ ነው፣ ዱቄቱ አይፈታውም ዓይነት ነገር።

ስለዚህ ደብተረኛው፣ ፕሮቲን ፕሮቲን ብለህ አትታመም።


ሚዛን ያዥዋ | ሐሙስ

ታሪክ ቀመስ፣ የክዋሺዮርኮሩን ስም ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው፣ ሁላችንም ዝም አልን። ክፍላችን የሚመጡት አብዛኞቹ ልጆች ከኋላቸው ሌላ ሕፃን አለ።

ግን ከማክላረን በኋላ ነገሩ ወደ ሌላ ጫፍ ሄደ። ብዙ ዓመት ሁሉም ቫይታሚንና ማዕድን ላይ ተጠመደ። አሁን ደግሞ እንደገና ወደ ፕሮቲን ጥራት መመለስ መጥቷል። በ2017 ኢኳዶር ውስጥ የተሠራ ሙከራ ነበር። ከ6 እስከ 9 ወር ላሉ ሕፃናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር ሰጧቸው። መቀንጨር በ47 በመቶ ቀነሰ። ሁላችንም ጮቤ ረገጥን፣ እንቁላል ነው መድኃኒቱ ብለን።

ቀጥሎ ማላዊ ላይ ተሞከረ። ቁመት ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። እዚያ የነበሩት ልጆች ከመጀመሪያውም ዓሣ ይበሉ ነበር፣ የቀነጨሩትም ጥቂት ነበሩ። ያው እንቁላል ሌላ ቤት ሲገባ ሌላ ነገር ሆነ። የጎደለበት ቤት ገብቶ ይሠራል፣ ያልጎደለበት ገብቶ ብዙም አይታይም።

ተቅማጥም አለ። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ የሚያስቀምጠው ከሆነ የበላው አይያዝለትም፣ ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ጡንቻው ይፈርሳል። ውሃና መጸዳጃ ካልተስተካከለ እንቁላል ብቻውን ምን ያደርጋል?


ቁጥር ወዳጅ | ሐሙስ

ውሃው ላይ እንኳን ትንሽ ቆይ። ባንግላዴሽና ኬንያ ውስጥ በ2018 የወጡ ትልልቅ ሙከራዎች ነበሩ። ለቤተሰቦች የውሃ ማከሚያ፣ መጸዳጃ፣ እጅ መታጠቢያ ሰጧቸው። የልጆቹ ቁመት አልተነቃነቀም። የአመጋገብ ምክርና ማሟያ የተሰጣቸው ትንሽ ጨመሩ።


ሚዛን ያዥዋ | ሐሙስ

አውቀዋለሁ። ጓሮ ዶሮ የሚርመሰመስበት፣ ልጁ አፈር የሚበላበት ሰፈር አንድ መታጠቢያ ብትሰጥ ምን ያህል ይለወጣል? ሙከራው ትንሽ ነገር ሰጥቶ ትልቅ ነገር ጠበቀ ባይ ነኝ። ግን ልክ ነህ፣ ቁጥሩ ያው ነው።


ጡረተኛው | ዓርብ

ልጆቼ፣ ስለ ሕፃናት ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ 74 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ።

ጡረታዬን ታውቃላችሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው ማብሰል ያስጠላል። ሽንኩርት ቁረጥ፣ ድስት አጥብ፣ ለማን? ሻይ አፈላለሁ፣ ዳቦ በሻይ እበላለሁ፣ አለቀ። ሥጋ ደግሞ ጥርሱ የለም። ሦስት ቀርተውኛል፣ እነሱም አይገናኙም። ባለፈው ከወንበር ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። አሁን እናንተን ሳነብ ጥርጣሬ ገባኝ።


ሚዛን ያዥዋ | ዓርብ

አባባ፣ ጥሩ አደረጉ የጻፉት። እርጅና ብቻ ብለው አይተዉት። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ በራሱ ይሟሽሻል፣ ምግብ ሲያንስ ደግሞ ይፈጥናል። ለአረጋውያን ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት ለአንድ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፣ ከወጣቱ ይበልጣል። ኩላሊትዎ ላይ ችግር ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ።

ጥርስ የማይጠይቁ አሉ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ይሰጥዎታል። እርጎ አለ። በደንብ የበሰለ ምስር አለ። ከወንበር መነሳቱንም ይለማመዱት፣ ጡንቻ ሳይሠራ አይቆምም።


የሦስት እናት | ዓርብ ማታ

አባባ፣ ጎረቤቴ ቢሆኑ አንድ ሳህን አይከብደኝም ነበር። ጎረቤትዎን ይጠይቁ፣ አይፈሩ። እኔ እሳቱን፣ እርስዎ ጊዜውን ብንከፋፈል እንዴት ጥሩ ነበር። ባቄላዬን የሚጠብቅልኝ ሰው!


ጡረተኛው | ዓርብ ማታ

ልጄ ባቄላ መጠበቅ እችላለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ።


ቀጥታ ልናገር | ቅዳሜ

አንድ ነገር ላንሳ፣ እንዳትቆጡኝ። ገቢ፣ ገቢ እንላለን። የገባው ገንዘብ ማን እጅ ነው የሚቀመጠው? የእኔ አባት ደህና ደመወዝ ነበረው። ቤታችን ግን ከደመወዙ በታች ነበር የሚኖረው። የቀረውን እናንተ ሙሉት።


ቁጥር ወዳጅ | ቅዳሜ

ወንድሜ፣ ደግ አደረግህ ያወጣኸው። ዱንካን ቶማስ በ1990 የብራዚልን ቤተሰቦች አጥንቶ ነበር። ከሥራ ያልመጣ ገቢ እናት እጅ ሲገባና አባት እጅ ሲገባ አወዳደረ። በእናት እጅ ሲሆን የልጆችን በሕይወት የመቆየት ዕድል ላይ ያለው ውጤት ሃያ እጥፍ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀረው። ብር ላይ ጾታ አልተጻፈበትም እንል ነበር፣ ለካ ከተቀበለው እጅ ብዙ ነገር ይወሰናል።

ገና ነኝ። ገንዘብ የሚገባበት ጊዜም አለ። በወር 30 ቀን እኩል የሚመጣ ትንሽ ገቢና ሁለት ሳምንት ደርቆ አንድ ሳምንት የሚጎርፍ ገቢ ዓመቱ ላይ ሲደመሩ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁ ግን በዓመት ሳይሆን በየቀኑ ነው የሚበላው።


እንግዳ 12 | ቅዳሜ

በእናት እጅ ሁሉ ይስተካከላል የሚለው ግን አይዋጥልኝም። እኔ ቤት ገንዘቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ለልጄ ጁስና ብስኩት ነው የምገዛው። ለምን? ስለሚያስቀው። ደክሞኝ ስገባ ልጅ ሲስቅ ማየት ነው የምፈልገው። እንቁላል ሳቀርብለት ይተፋዋል።


ሚዛን ያዥዋ | ቅዳሜ ማታ

እንግዳ 12፣ አትፈሪ፣ ብዙዎቻችን ነን። አንድ ቤት ውስጥ የቀነጨረ ልጅና ከመጠን በላይ የወፈረ አዋቂ አብረው ማየት ለእኔ ብርቅ አይደለም። ያው ርካሽ ካሎሪ ነው፣ አንዱን አያሳድገውም፣ ሌላውን ያወፍረዋል።

የሚተፋውን ነገር አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ መልሰሽ ማቅረብ አለብሽ። የለመደውን ገንፎ ውስጥ ግማሽ እንቁላል በደንብ አብስለሽ አድቅቀሽ ቀላቅዪው። ችግሩ አሥር ጊዜ የሚተፋ እንቁላል ለመግዛት አቅም ያለው ስንቱ ሰው ነው? ያንን አውቃለሁ። ያላት እናት ትሞክራለች፣ የሌላት በመጀመሪያው ትተዋለች፣ ምክንያቱም የሚጣለው የምሳዋ ዋጋ ነው።


ታሪክ ቀመስ | እሁድ

ለደብተረኛው ልጅ ዕድሜ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር ብዬ ልውጣ። ጓቴማላ ውስጥ ከ1969 እስከ 1977 መንደሮችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ፕሮቲን ያለው ገንፎ መሳይ መጠጥ፣ ለሌላው ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ሰጡ። ከዚያ አሥርተ ዓመታት ቆይተው ልጆቹን አድገው ፈለጓቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ያንን ገንፎ ይጠጡ የነበሩት ወንዶች የሰዓት ገቢያቸው በአማካይ 46 በመቶ ይበልጥ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የጀመሩት ግን ይህ ለውጥ አልታየባቸውም። ደመወዝ ምግብን ይወስናል ስንል ነበር፣ እዚህ ጋ ምግቡ ተመልሶ ደመወዙን ወሰነው።


ደብተረኛው | ከሦስት ሳምንት በኋላ

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ደብተሩን ይዤ መጣሁ።

ያደረግነው ይሄ ነው። እንቁላሉን ደመወዝ በገባ ቀን፣ ከምንም በፊት፣ መጀመሪያ እንገዛለን። የሚበሉት ግን ትንሹ ልጅና ባለቤቴ ናቸው፤ ነፍሰ ጡር መሆኗን ያወቅነው በዚህ መሃል ነው። (አዎ፣ የክዋሺዮርኮሯን ታሪክ ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።) እኔና ትልቋ ምስር በሩዝ ነን። ባቄላ እሁድ አንድ ድስት ሙሉ እንቀቅልና ለሦስት ቀን እናካፍለዋለን፣ እሳት አንዴ ነው የሚነደው። የሦስት እናት፣ ይሄን ከአንቺ ነው የተማርኩት። ስኳሩ ቀንሷል።

ያልተፈታው የወሩ የመጨረሻ ሳምንት ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ እንቁላሉ አልቋል፣ ወተቱም የለም። ደብተሩ ላይ ያች ሳምንት ዳቦ፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ሩዝ ናት።

ትንሹን አስለካነው። ክንዱ 138 ሚሊ ሜትር። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።


ሚዛን ያዥዋ | በማግስቱ

ክንዱ ጥሩ ነው። ቁመቱስ?


ደብተረኛው | በማግስቱ

አልለኩትም። መለኪያው ተሰብሯል አሉኝ። ክንዱ ደህና ስለሆነ አያስፈልግም ብለው ሸኙን።


ሚዛን ያዥዋ | በማግስቱ

ያስፈልጋል። ሌላ ቦታ ሂዱ። ሁለት ዓመት ካልሞላው ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ አንዱ ጉልበቱን ያስተካክላል። አንተው ያዘው፣ ካንተ ጋር ከሆነ አያለቅስም። ቁጥሩን ከነተወለደበት ቀኑ ጻፍልኝና መስመሩን አብረን እናየዋለን።


ደብተረኛው | በማግስቱ

ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ደብተሩ ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።